የአቶ ዳኘው አዲስ ካሜራ

የሠርግ ቪዲዮ ቀራጩ አቶ ዳኘው አዲሱን ካሜራ ለሻጩ ሊመልሱ ሲሄዱ፣ ኮምፒውተር ተምሮ የተመረቀውን ጎረቤታቸውን ኡበይዳን ሐይቅ ዳር ላፕቶፑን ከፍቶ ተቀምጦ አገኙት። ሰላምታው እንዳበቃ ጭንቀታቸውን አጫወቱት። እሑድ የምትዳረው ሙሽራ አባት ማክሰኝት ከተማ የአልጋ ቁራኛ ናቸው። ልጃቸውን እያዩ እንዲመርቁ፣ ሠርጉን በቀጥታ ሊያስተላልፉላቸው አቶ ዳኘው ቃል ገብተዋል። ካሜራው ግን ከኮምፒውተራቸው ጋር ሲያያዝ ምንም አይታይም።

ኡበይዳ ካሜራውን ተቀብሎ የራሱ ላፕቶፕ ላይ ሰካው። የአቶ ዳኘው ፊት ከነባርኔጣቸው ጥርት ብሎ ወጣ።

"ካሜራው ጤነኛ ነው፣ ጋሼ። የእርስዎ ዊንዶውስ የትኛው ነው?"

"ስገዛው የነበረው ነዋ። ኢንተርኔት እንኳ ለእሑድ ብቻ ነው የምፈቅድለት" አሉ፣ ጨዋ ልጅ እንዳሳደገ አባት ኮራ ብለው።

ኡበይዳ አልሳቀም። አገውኛ ብቻ የሚናገር ባለማርና አማርኛ ብቻ የሚሰማ ገዢ መሸንቲ ገበያ ላይ ቢገናኙ፣ ገበያው የሚፈርሰው ማሩ ከፍቶ ሳይሆን አስተርጓሚ ጠፍቶ መሆኑን አስረዳቸው። በካሜራና በኮምፒውተር መካከልም ድራይቨር የሚባል አስተርጓሚ ፕሮግራም አለ፤ የካሜራው ሠሪዎች ደግሞ ለአሮጌው ዊንዶውስ ድራይቨር መጻፍ ትተዋል፤ ስለዚህ ዊንዶውሱ በአዲስ መቀየር አለበት።

"የሙያ ጓደኛዬ አዘዘም እንዲህ ተብሎ አስቀየረ። የስንት ሙሽራ ሠርግ ጠፋበት! ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል" አሉ አቶ ዳኘው።

"መፍራትዎ ተገቢ ነው። አዘዘን የጎዳው ግን መቀየሩ አይደለም፤ ሳይገለብጥ መቀየሩ ነው። እኛ ሥራዎን ሁሉ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጠን፣ መከፈቱን ሳናይ ምንም አንነካም።"

"የአንተን ላፕቶፕ ብታውሰኝስ?"

"አውስዎታለሁ። ለሚቀጥለው ሠርግስ?"

አቶ ዳኘው ካሜራውን ይዘው ወደ ቤታቸው ዞሩ። "በል ና" አሉት።

ሥራዎቹን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጠው፣ የተገለበጠውን እየከፈቱ አዩ፤ ከዚያ ዊንዶውሱን ቀየሩ፤ ድራይቨሩንም ከሠሪው ድረ ገጽ አወረዱ። የድሮው የካሴት መገልበጫ መሣሪያ ከአዲሱ ዊንዶውስ ጋር አልግባባ አለ። አቶ ዳኘው ስለ እሱ ሲያጉረመርሙ ቢያመሹም፣ የካሜራው ምስል ግን መጣ።

እሑድ ሙሽራዪቱ የአባቷን ጉልበት መሳም ስላልቻለች ካሜራው ፊት ተንበረከከች። ከማክሰኝት በስልክ የደከመ ድምፅ መጣ፤ "አየሁሽ፣ ልጄ። ውለጂ፣ ክበጂ።"

ከዚያ ወዲህ አቶ ዳኘው ለሙያ ጓደኞቻቸው ሁሉ እንዲህ ይላሉ፦ "ዕቃ ከመግዛትህ በፊት ኮምፒውተርህ ይቀበለው እንደሆነ ጠይቅ፤ ከመቀየርህ በፊት ገልብጥ፤ ከሠርጉ በፊት ሞክር። እኔ ካሜራውን መልሼ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ሰው ልጁን ሳያይ ይመርቅ ነበር።"