ድምፁ የቀደመው ኑዛዜ

ከቦንጋ ወደ ቢታ ገነት በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ቪዲዮ ቀራጮች ያወራሉ፤ ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አድርጓል።

«ጋሼ፣ የሟቹን ኑዛዜ በስልክ ነበር የቀረፅኩት። የቤታቸው ቲቪ አላጫውትም ሲል ፍሬሙን በሰከንድ ከሠላሳ ምስል ወደ ሃያ አምስት ቀየርኩት።»

«እሺ።»

«መጀመሪያው ልክ ነው። እየቆየ ድምፁ ከምስሉ ይቀድማል።»

«የስልክ ፍሬም ከፍ ዝቅ ይላል። ሶፍትዌሩ ላይ ‹ቋሚ› የሚለውን መርጠሃል?»

«አልነካሁትም።»

«ከኦሪጅናሉ እንደገና ቀይረዋ።»

«ሜሞሪ ሞልቶብኝ አጠፋሁት።»

«ድምፁን ወደ ኋላ ጎትተህ ግጠመው። ምን ያስፈራሃል?»

«ሰውየው ስም አልጠሩም፤ አጠገባቸው በነበሩት ሁለት ልጆቻቸው ራስ ላይ እጃቸውን በየተራ ጭነው ነው የተናዘዙት። ‹የጫካ ቡናው ያንተ ነው› ሲሉ እጃቸው ታናሹ ላይ ነበር። አሁን ቪዲዮው ላይ ግን ቃሉ ሲሰማ እጃቸው ገና ታላቁ ራስ ላይ ነው።»

«ሌላ ያየ ሰው የለም?»

«ከሁለቱ ልጆች ሌላ እኔ ብቻ ነበርኩ።»

«ታላቁ ቪዲዮውን አይቶታል?»

«ትናንት በፍላሽ ወሰደው። ‹እንዳትነካካው› አለኝ። ነገ ተስካሩ ላይ ለሽማግሌዎች ያሳያል።»

«ታናሹስ?»

«መናኸሪያ የሚጠብቀኝ እሱ ነው።»

ለአባታችን ተስካር እየደረስኩ ነው ብዬ ለታላቅ ወንድሜ ልደውል ያወጣሁትን ስልክ መልሼ ኪሴ ከተትኩት።