የእኔ ሠ

ባለቤቴ ለቀዶ ጥገና ተራ ይዛ ስለነበር፣ ጡረታ ከወጣሁበት ድርጅት የሕክምና ድጋፍ ደብዳቤ ላወጣ ደብረ ማርቆስ ወዳለው ቢሮ ሄድኩ። መዝገብ ቤቱ ተዘግቷል፤ የጡረተኞች ፋይል በሙሉ ክላውድ ወደሚሉት የኮምፒውተር ነገር ተዛውሯል አሉኝ። መልካችንን አይታ ፋይላችንን ትመዝ የነበረችው ወይዘሮም የለችም። በቦታዋ የተቀመጠችው ልጅ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አድርጋ፣ «አባባ፣ ሳህሉ የሚባል ጡረተኛ የለንም» አለችኝ።

«ልጄ፣ በየትኛው ሰ ነው የጻፍሽው?»

«ሰ ደግሞ ስንት ነው?» ብላ ሳቀች።

«የኔታ በንጉሡ ሠ ነው ያስጻፉኝ» ብዬ ፊደሉን በጣቴ ጠረጴዛው ላይ ጻፍኩላት። ፈልጋ ብትጽፈው ወዲያው ፎቶዬ ወጣ። «እሰይ!» አልኩ። እሷ ግን ማንበቧን ስትቀጥል ፊቷ ተለወጠ።

«ምነው ልጄ?»

«ሆስፒታሉም ስምዎን እንደ እኔ በሌላው ሰ ጽፎ፣ ድጋፍ እንዳለዎት ባለፈው ሳምንት ጠይቆን ነበር። ሲስተሙ በራሱ ‹አናውቃቸውም› ብሎ መልሷል። አባባ፣ የባለቤትዎን ተራ ለሌላ ሰው ሰጥተናል ብለው ጽፈዋል።»

ቤት ስገባ ባለቤቴ ከተኛችበት ቀና ብላ፣ «ፋይልህ ተገኘ?» አለችኝ።

«ተገኘ» አልኳት።