ነጩ አምፖል

አዳማ ላይ የመኪናዬን የፊት መብራት በነጭ፣ ኃይለኛ አምፖል አስቀይሬ ከባለቤቴ ጋር ወደ ሻሸመኔ ስንሄድ መሸብን። ባቱን እንዳለፍን ከፊት የሚመጣው መኪና ሁሉ መብራቱን ብልጭ ያደርግብኛል። «ትራፊክ አለ» ማለታቸው መስሎኝ ቀበቶዬን አሰርኩ፣ ፍጥነቴንም ቀነስኩ። ትራፊክ የለም፤ ብልጭታው ግን ባሰ። ባለቤቴ «ጌታ ሆይ፣ ከፊታችን ምን አለ?» እያለች ትጸልያለች።

አርሲ ነገሌ መግቢያ ላይ ከፊታችን የመጣ የጭነት መኪና ድንገት ዳር ይዞ ሲጢጥ ብሎ ቆመ። ወርጄ ሮጥኩ። ሽማግሌው ሹፌር ዓይናቸውን በመዳፋቸው ይዘዋል።

«አባቴ፣ ምን አይተው ነው?»

«ምን አያለሁ? መብራትህ አሳውሮኝ ሰው ልፈጅ ነበር!»

ከመኪናቸው አንድ ክንድ ርቀት ላይ አንድ ባለጋሪ የአህያውን አንገት አቅፎ ቆሟል። ከባቱ ጀምሮ ያ ሁሉ ሹፌር «መብራት ቀንስ» ሲለኝ፣ እኔ ቀበቶ አስራለሁ!