ሰው ሠራሽ ጆሮ

ነይ ግቢ እንጂ የኔ እህት፣ በር ላይ አትቁሚ። እንዴት ዋልሽ? ልጆቹስ? ያንቺ ሰውዬ ጉንፋኑ ተሻለው? ተመስገን። የዛሬው ነፋስ ለልብስ ማድረቂያ ታዞ የመጣ ነው የሚመስለው፣ አንሶላዎቹ ገና ሳሰጣቸው ደረቁልኝ። በይ እዚች መስኮቱ ጋ ቁጭ በይ፣ ብርሃን አለልሽ። ይኸውልሽ የባለቤቴ ሱሪ። ከታች ሁለት ጣት ያህል ይጠር፣ አለበለዚያ ነገ እንግዶቹ ፊት እየረገጠው ነው የሚሄደው። ልብስ ሰፊ ጎረቤት ባትኖረን ይሄ ሰፈር በሙሉ ሱሪውን ጠቅልሎ ነበር የሚውለው።

ስፒሎቹን አፍሽ ውስጥ ያዝሻቸው? ጎሽ። እንግዲህ አትመልሺልኝ፣ ብትውጪያቸው ጣጣው ለኔ ነው። አንቺ ስፊ፣ እኔ ላውራ። መልስ ሳልጠብቅ ማውራት እንደሆነ ለምጄዋለሁ፣ በዚህ ቤት የተካንኩበት ሙያ እሱ ብቻ ነው።

የሳሎኑ በር ገርበብ ማለቱን አይቻለሁ። ተዪው፣ አየር ይግባበት። እኔ የማንንም ስም የምጠራ ሴት አይደለሁም። ስለ አንድ ሰው ነው የማወራሽ… ሊቅ ነው። እንዲህ ያለ ሊቅ ካንዲት ሴት ጋር አንድ ጣሪያ ሥር መኖሩ ለሴትዮዋ ትልቅ ዕድል ነው። ሴትዮዋን ታውቂያታለሽ፣ ከትምህርት ቤት ሮጣ መጥታ የሰው ሱሪ ለማሳጠር ልብስ ሰፊ የምትጠራዋ ሞኝ ናት።

መጀመሪያ በብርሃን የሚያወራ ስልክ ሠራ። አታስታውሺውም? ከጓሮ ካለችው መሥሪያ ክፍል እስከ ማድ ቤቱ መስኮት በቀጭን ጨረር ድምፅ ሲላክ! ሽቦ የለ፣ ምን የለ፣ ቃሉ ብርሃን ላይ ተሳፍሮ ግቢውን ያቋርጣል። በእግር ቢሄዱ ጫማ ሳያስሩ የሚደረስበት ነው፣ ግን ሊቅ በእግሩ ይሄዳል እንዴ? እኔም ፀጉሬን ተበጥሬ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። በብርሃን የሚመጣ ቃል ምን ሊሆን ይችላል ብዬ ጆሮዬን ስቀስር… 'ሻይ የለም?' አለኝ። ጥርት ያለ ድምፅ! ከጎኔ ተቀምጦ እንኳን እንደዚያ አጥርቶ አናግሮኝ አያውቅም። ሻዩን ይዤ ግቢውን በእግሬ አቋረጥኩ፣ እሱ በጨረር አይላክ።

አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት፣ ጉድለቱም እኔ ነበርኩ። አንሶላ ሳሰጣ ጨረሩ ይጋረዳል። 'ምነው ግንኙነታችንን አቋረጥሽው!' እያለ ይወጣል፣ ምስኪን። እኔ ደግሞ ተንኮሌ… ራሴን ባመመኝ ቀን ንጹሑን አንሶላ አርጥቤ አሰጣው ነበር። ኧረ ስፒሉ! አትሳቂ አላልኩሽም?

ከዚያ የነዳጅ ሴሉ መጣ። ሃይድሮጅን የሚሉትን ጋዝ ከአየር ጋር አገናኝቶ ኤሌክትሪክ የሚያወጣ ሳጥን ነው። ጭስ የለው፣ ጩኸት የለው፣ የሚተርፈው ንጹሕ ውሃ ብቻ። ጩኸት እንደሌለው እየጮኸ ነው ያስረዳኝ። ጋዙ እንዳይቀጣጠል ምድጃ መለኮስ ተከለከለና ደረቅ ዳቦ እየበላሁ ስለ ኃይል ምንጭ ስማር ከረምኩ። በመጨረሻ በራ! ምን በራ አትዪኝም? ጥፍር የምታክል አምፖል። ከልቤ አጨበጨብኩ፣ እውነቴን ነው። ማጨብጨቤ እንዲታይ የእጅ ባትሪ አበራን እንጂ። ከሳጥኑ የወጣውን ውሃ ደግሞ በማንኪያ አቀመሰኝ። 'እንዴት ነው?' ሲለኝ ምን ልበል? ከቧንቧው ይሻላል አልኩ። ከዚያ ወዲህ ቧንቧውን ቀና ብዬ አላየውም።

ግን የሁሉም ቁንጮ ይሄ የነገው ነው። የሚሰማ ማሽን! የተናገርሽውን አዳምጦ ቃል በቃል ስክሪኑ ላይ ይጽፋል፣ 'መብራት አብራ' ስትዪው ያበራል። እስቲ አስቢው፣ እንዲህ ያለ ነገር የሚፈጥር ሰው ስለ ማዳመጥ ስንት ነገር ቢያውቅ ነው? ሰው መቼም የጎደለውን ነው የሚሠራው… ማለቴ፣ ለሰው ልጅ የጎደለውን።

ማሽን ጆሮ የሚያወጣው ታዲያ በትዕግሥት ነው። አንድ ሰው ተቀምጦ እያነበበለት ድምፅ ማስለመድ አለበት። ሊቁ ጊዜ የለውም። እቤቱ ግን የቃል ጽሕፈት ስታስጽፍ የኖረች አስተማሪ አለች፣ ያውም በነፃ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጫማዬን አወልቅና ብርድ ልብስ ወደተጋረደባት ጥግ እገባለሁ። 'በሩ ተከፍቷል። ዝናቡ ቆሟል። ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠጋ።' ክረምት ከበጋ! ለዚያ ዕቃ የነገርኩትን ያህል ለገዛ እናቴ ነግሬ አላውቅም። ድምፄ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ የትምህርት ቤቱ ደወል ሲበላሽ ተማሪ የሚሰበሰበው በኔ ነው። እና ማሽኑ ለመደኝ። እኔን ብቻ። ሳስነጥስ 'ይማርሽ' ሊለኝ ትንሽ ነው የቀረው።

አንድ ሰው ሲናገርለት ግን… ቆዪ፣ መቀሱን አስቀምጪውና ስሚ። ይኸው ሳሎን ሆኖ 'መብራት አብራ' አለ። ደግሞ አለ። አሁን ጮኸ። ምን በራ? ያሳዝናል እኮ! ሰው በገዛ ቤቱ እየተናገረ የሚሰማው ሲያጣ እንዴት ያሳዝናል! እኔማ የሚያሳዝን ነገር መሆኑን ያወቅሁት ገና አሁን ነው፣ እስከ ዛሬ ደንብ ይመስለኝ ነበር።

ለነገ መላ ተገኝቶለታል። እንግዶቹ የሚመጡት ማሽኑን አይተው ሊገዙትና ፋብሪካቸው ሊያስገቡት ነው። ሳሎን ይቀመጣሉ። አንድ ሰው በዚህ ሱሪ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይናገራል። እኔ ከሳሎኑ መጋረጃ ኋላ ትንሿን ማይክሮፎን ከንፈሬ ላይ ደቅኜ እሱ ያለውን ቀስ ብዬ እላለሁ። ማሽኑ እኔን ይሰማል፣ እንግዶቹ እሱን ያያሉ። ብልጠት አይደል? ለኔም ቀሎኛል፣ ፀጉር መሠራት የለ፣ ልብስ መምረጥ የለ። 'አንቺ እኮ ድምፄ ነሽ' ተብያለሁ። ስንት ሴት ናት እንዲህ የተባለች? የሠሪው ስም የሚጻፍበት ሰሌዳ ላይ የኔ ስም አልገባ ስላለ ነው የቀረው። ትንሽ ነው ሰሌዳው፣ የገዛሁት ራሴ ነኝ፣ ማንን እወቅሳለሁ?

አሁን የምነግርሽን እንደ ቀልድ ስሚኝ። ባለፈው ሳምንት ከሌላ ከተማ ስልክ ተደወለልኝ። የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህርት ሁኚልን አሉኝ። እኔን! ስንት ዓመት ሙሉ ስመኘው የኖርኩትን!  እራት ላይ ነገርኩት፣ ለዚያ ሰው። ሽቦ እየላጠ 'እህ' አለኝ። በማግስቱ ደግሜ ነገርኩት። 'ጨው አነሰው' አለኝ። በሦስተኛው ቀን ወንበሬን አስጠጋሁና እንደ ቃል ጽሕፈት አንድ ባንድ እየለየሁ፣ 'ሥራውን ተቀብያለሁ። ማክሰኞ በጠዋቱ አውቶቡስ እሄዳለሁ። አብረኸኝ ና፣ ወይም አትሂጂ በለኝ' አልኩት።

ጥግ ላይ ማሽኑ ክፍት ነበር ለካ። ሁሉንም ጻፈው። ሰውዬው ብድግ ብሎ ስክሪኑ ጋ ሄደና ጮክ ብሎ አነበበው። 'ማክሰኞ በጠዋቱ አውቶቡስ እሄዳለሁ… አብረኸኝ ና…'  ዞረና ግንባሬን ሳመኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል! 'አየሽልኝ?' አለ፣ 'ነጠላ ሰረዟን እንኳን ቦታዋ ላይ አስገባት!'

ከፋኝ። ቀልዱን ልተወውና፣ በጣም ነው የከፋኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ ሳቄ መጣ፣ ያንን ሁሉ ጊዜ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ያስተማርኩት ተማሪ አንደኛ ወጣልኝ አይደል? ምን ያስለቅሰኛል?

ለማንኛውም፣ ሰው ዓይን ደግሞ አለው ብዬ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ሳሎን መሀል አቆምኩት። አየው። ዞሮ ዞሮ አየው። ቁመቱ ልክ ነው ብሎ ማይክሮፎኑን አስቀመጠበት።

ነገ ማክሰኞ አይደል? እንግዶቹ ረፋዱ ላይ ይደርሳሉ። አውቶቡሱ ማልዶ ነው የሚነሳው… ምነው እጅሽ ቆመ? ስፊ እንጂ። እኔ የደበቅሁት ነገር የለም። ሦስት ጊዜ ተናግሬያለሁ፣ አንዱ በጽሑፍ ነው። መጋረጃውንም ቢሆን አጥቤ ተኩሼ ሰቅዬለታለሁ፣ ከኋላው ሰው ባይኖርም ያምራል።

ስሚ… ሳሎን ጸጥ አለ። ምናልባት… አይ፣ 'ያቺ ቀጭኗ ሽቦ የት ገባች?' ነው የሚለው። መሳቢያው ውስጥ ናት! … መሳቢያው ውስጥ! … አሁንም ይጠይቃል፣ ትሰሚዋለሽ? ድምፄ በሁለት ግድግዳ የሚያልፈው እኔ፣ ገርበብ ባለ በር ማለፍ አቃተኝ። የሰው ጆሮ ምን ያርግ፣ የገዛ ዕቃዬን ልውቀስ እንጂ፣ ይሄ ጉሮሮ ጉሮሮ አይደለም።

ጨረስሽ? እስቲ ልየው። እጅሽ ይባረክ፣ ክሩ እንኳን አይታይም። እንግዲህ እኔም ቂም ይዤ አልሄድም፣ መርቄ ነው የምሄደው። ፈጣሪ ለዚያ ሰው የልፋቱን ያሳየው። ሱሪው ይመርበት። እንግዶቹ ከበው ይቀመጡለት፣ አንዳቸውም አይቅሩበት። አፉን ከፍቶ ሲናገርም… እኔ በዚህ ቤት የተሰማሁትን ያህል ይሰማ፣ አንዲት ቃል አትጉደልበት። ስፒሉን አውጪና አሜን በዪ እንጂ።