ጌታን ሆኖ የሚሠራው ተዋናይ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት አጠገቧ ላሉት እናት ስልኳን አሳየቻቸው።

«እማማ፣ ስለ ጌታ አዲስ ፊልም ሊወጣ ነው። ጌታን ሆኖ የሚሠራው ይሄ ነው።»

እናትየዋ ስልኩን ተቀብለው ፎቶውን ሳሙት።

«ኧረ እማማ፣ ተዋናይ ነው እኮ! ጢሙም የተለጠፈ ነው።»

«ይሁን፤ እኔ የሳምኩት ጌታን ነው። አንቺ ምነው ከፋሽ?»

«ስጠብቀው የኖርኩትን ፊልም አበላሹብኝ። ይሄ ሰውዬ እስከ ዛሬ የሠራው ወንበዴ እየሆነ ነው። ወንበዴ እንዴት ጌታን ይሆናል? አላየውም!»

«ልጄ፣ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ገነት የገባው ማን ነበር?»

ልጅቷ ስልኳን ተቀብላ ፎቶውን ደግማ አየችው።

«በቀኙ የተሰቀለው ወንበዴ» አለች ቀስ ብላ።

«እንግዲያ ተይው፣ ይሞክር።»

እኔም «ወራጅ» ማለት የነበረብኝን ቦታ አልፌ መናኸሪያ ደረስኩ።