የአከራይዋ መልእክተኛ

ከአብነት ወደ ልደታ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች አንዲት ወጣት ሴት አጠገቧ ለተቀመጡት እናት ታወራለች።

«ባለ ሁለት ፎቅ ትንሽ ሕንፃ ገዛሁ እማማ፤ ከነተከራዮቹ።»

«እሰይ። ተከራዮቹ እንዴት ተቀበሉሽ?»

«አከራያችሁ እኔ ነኝ ለማለት አፈርኩ። አከራይዋ ልካኝ ነው የመጣሁት አልኳቸው።»

«ቧንቧ ሲበላሽስ?»

«ለሴትዮዋ እነግራታለሁ እላለሁ። በነጋታው ሠራተኛ ይዤ እሄዳለሁ።»

«አይ አንቺ።»

«ለፋሲካ ድፎ ዳቦ ሰጡኝ። ለሴትዮዋ አድርሺልን፣ አንቺም አብረሻት ብዪ አሉኝ።»

«ልጄ፣ የሚጠሩሽ ስም የኪራይ ውሉ ላይ አለ አይደል?»

«አለ።»

«እንግዲያው አውቀውሻል።»

«ማወቃቸውንማ እኔም አውቃለሁ እማማ። ግን ማን ይጀምረው?»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ ወራጅ አለ ሳልል አለፍኩት።