ኮረንቲ ያለበት ሰው

በተቃውሞው ሰሞን ከቡራዩ የሚያስወጣው መንገድ በድንጋይ እንደተዘጋ የጭንቀት መድኃኒቴ አለቀ። በሦስተኛው ቀን ዓይኔን ባዞርኩ ቁጥር ጭንቅላቴን እንደ ኮረንቲ ይነዝረኝ ጀመር። ደንግጬ አዲስ አበባ ወዳለችው ፋርማሲስቴ ደወልኩ። «መድኃኒቱን በድንገት ስላቋረጡ ነው፤ ቶሎ መጥተው ይውሰዱ» አለችኝ።

አከራዬ ኦቦ ቶላ ይህን ሲሰሙ አስከትለውኝ ወጡ። ድንጋዩ ጋ ከቆሙት ወጣቶች አንዱ «ማንም አያልፍም!» ብሎ ሊገፋኝ እጁን ዘረጋ።

«ሂንቱቂን! እንዳትነካው!» ጮኹ ኦቦ ቶላ። «ጭንቅላቱ ውስጥ ኮረንቲ ገብቶበታል፤ ሊያስወጣ ነው የሚሄደው።»

ወጣቶቹ ተያዩና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። በሕይወቴ እንዲህ ተከብሬ አልፌ አላውቅም።

መድኃኒቴን ይዤ ስመለስ ያው ልጅ አስቆመኝ።

«ወጣልህ?»

«ወጥቶልኛል።»

አላመነኝም። ደረቅ እንጨት አንስቶ ትከሻዬን ነካ ነካ አደረገና «እሺ፣ እለፍ» አለኝ።